የኔታ ያየውና ተማሪው ያየው፤ በስሜንና በግርጌው ስለ መምህርና ስለ ልጅ መተያየት የቀረበ ሐተታ

ከጎንደር ተነሥቶ በዳባትና በደባርቅ አልፎ ወደ ተከዜ የሚጓዝ ሰው ሊማሊሞን ሲወርድ የደጋውን ብርድ ከኋላው ትቶ ወደ ቆላው ሙቀት ይገባና ዛሪማ ይደርሳል። የመኪናው መንገድ በጣልያን ወረራ ዘመን የተሠራ ነው፤ መተላለፊያው ግን ከዚያ እጅግ የቀደመ ነው። ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1770 ከምጽዋ ወደ ጎንደር በመጣ ጊዜ የወጣው በዚሁ በሊማሊሞ ነበር። በዚህ መንገድ ነጋዴው ከነአጋሰሱ፣ ወታደሩ ከነጋሻው፣ መነኩሴውም ወደ ዋልድባ ገዳም ተመላልሰውበታል። ከእነዚህ ሁሉ መካከል ታሪክ ጸሐፊ እምብዛም ያላስታወሰው አንድ መንገደኛ አለ፤ ይኸውም ደበሎ ለብሶ፣ አኩፋዳ አንግቶ፣ ለውሻ መከላከያ በትር ይዞ የሚሄደው ልጅ ነው። ቅዳሴ ሊማር ከተከዜ ማዶ ወደ ደብረ ዓባይ የሚሻገረው፣ አቋቋም ሊማር ወደ ጎንደር የሚወጣው፣ ቅኔ ፍለጋ እስከ ጎጃም የሚዘልቀው የቆሎ ተማሪ ማለት ነው።

ይህ ልጅ ስለ ተማረው ትምህርት ብዙ ተጽፏል። የጉባኤ ቤቶቹ ስም፣ የትምህርቱ ደረጃና የመጻሕፍቱ ዓይነት በሊቃውንቱም በውጭ አገር ተመራማሪዎችም ተዘርዝሯል። በበቂ ያልተመረመረው ግን መምህሩ ልጁን እንዴት ያየው እንደ ነበረ፣ ልጁም መምህሩን እንዴት ያየው እንደ ነበረ ነው። እነዚህ ሁለት አስተያየቶች አንድ አይደሉም፤ ተቃራኒዎች ናቸው ለማለትም አይቻልም። መምህሩ ልጁን ገና ምንም እንደማያውቅ አድርጎ ያየዋል፤ ስለዚህ ልጁ የሚያውቀው ነገር ሁሉ ለመምህሩ ሁከት ወይም ስንፍና ሆኖ ይታየዋል። ልጁ ደግሞ መምህሩን ሁሉን እንደሚያውቅ አድርጎ ያየዋል፤ ስለዚህ መምህሩ ባለማወቅ ያደረገው ነገር ሁሉ ለልጁ ጭካኔ ሆኖ ይታየዋል። የዚህች አጭር ጽሑፍ ዓላማ ይህ መተላለፍ በአገራችን የትምህርት ታሪክ ውስጥ እንዴት እንደ ታየ፣ አባቶቻችንም በምን ዘዴ ሊያቀልሉት እንደ ሞከሩ ማመልከት ነው።

ጥያቄውን ከስሜን ብንጀምረው ተገቢ ነው፤ በአገራችን ትውፊት እጅግ የታወቀው የመምህርና የተማሪ ታሪክ ፍጻሜው በስሜን ነውና። ቅዱስ ያሬድ በስድስተኛው መቶ ዓመት በአክሱም በዘመዱ በአባ ጌዴዎን እጅ መዝሙረ ዳዊት ይማር እንደ ነበር፣ ትምህርቱ አልገባው ብሎ በተገረፈ ጊዜም ሸሽቶ ከአንድ ዛፍ ሥር እንደ ተቀመጠ ስንክሳሩና ገድሉ ይተርካሉ። በዚያም አንድ ትል ዛፉን ሲወጣ፣ ሲወድቅ፣ ደግሞም ሲወጣ ተመለከተ፤ ትሉ ከብዙ ጊዜ ድካም በኋላ ከፍሬው ደርሶ ሲበላ ባየ ጊዜ ልቡ ተነክቶ ወደ መምህሩ ተመለሰ። በኋላም የዜማ አባት ሆኖ፣ ከንጉሥ ገብረ መስቀል ፊት ዘምሮ፣ በመጨረሻ ንጉሡን አስፈቅዶ ወደ ስሜን ተራራ ወጣ፤ ዕረፍቱም በዚያው እንደ ሆነ ይነገራል። ግንቦት 11 ቀን መታሰቢያው ነው።

ይህን ታሪክ ሁላችን በልጅነታችን የሰማነው ለትጋት ምሳሌ ተደርጎ ነው። በሌላ ዓይን ብንመለከተው ግን ስለያዝነው ጥያቄ የሚነግረን ነገር አለ። መምህሩ ያየው የማይገባው ልጅ ነበር፤ ለዚህም የነበረው መድኃኒት አለንጋ ብቻ ነበር። ልጁ ያየው ደግሞ መምህሩ ሊያሳየው ያልቻለውን ነገር ነው። ያሬድን ወደ ትምህርት የመለሰው ግርፋቱ አይደለም፤ ግርፋቱ ያባረረው ነው። የመለሰው ማንም ሳያስገድደው በገዛ ዓይኑ የተመለከተው ትል ነው። በሰማያዊው ዜማም ጊዜ ትውፊቱ ያሬድን ያስተማሩት ከገነት የተላኩ ሦስት አዕዋፍ ናቸው ይላል። ገድሉን የጻፉት ሰዎች መምህራን እንደ ነበሩ አያጠራጥርም፤ ጽሑፉም ከቅዱሱ ዘመን ብዙ ቆይቶ የተጻፈ ነው። ይሁን እንጂ መምህራኑ ራሳቸው የልጁን ዓይን ከታሪኩ ውስጥ አላወጡትም። አባ ጌዴዎንንም አልነቀፉትም፤ ልጁ ሲመለስ በደስታ የተቀበለው እርሱ ነውና። ልጅ መምህሩ ከሚጠቁመው ወዲያ ያለውን ነገር እንደሚያይ ሊቃውንቱ ከጥንት ጀምሮ ያውቁት ነበር ለማለት ይህ አንድ ምስክር ነው።

አሁን ወደ ጉባኤ ቤቱ እንግባ። ትምህርቱ የሚጀመረው ከንባብ ቤት ነው። ልጁ 33ቱን ፊደላት እያንዳንዳቸውን በሰባት መልክ፣ በጠቅላላው 231 ሆሄያት፣ በስንደዶ እየጠቆመ ይቆጥራል፤ ከዚያም አቡጊዳን፣ ቀጥሎ መልእክተ ዮሐንስን፣ በመጨረሻም 150ውን መዝሙረ ዳዊት ይማራል። ንባቡም በቁጥር፣ በግዕዝ፣ በውርድ ንባብና በቁም ንባብ ተራ በተራ የሚሄድ ነው። መምህሩ «የኔታ» ይባላል፤ «የእኔ ጌታ» ማለት ነው። ይህ አጠራር ብቻውን የልጁን አቋቋም ያስረዳል፤ ልጁ ለመምህሩ ውኃ የሚቀዳ፣ እንጨት የሚለቅም፣ እሳት የሚያነድ ነበርና። ወላጅም ልጁን ሲያስረክብ ከነቅጣቱ ያስረክበዋል፤ «ያልተቀጣ ልጅ ሲቆጡት ያለቅሳል» የሚለው ምሳሌ የወላጁና የመምህሩ የጋራ ሕግ ነበረ። ከጉባኤ የሸሸ ልጅ እግሩን በብረት የሚታሠርበት ልማድም በብዙ ስፍራ ይታወቅ ነበር።

በዚህ ሥርዓት መምህሩ ልጁን የሚያየው በአንድ መለኪያ ነው፤ ይኸውም የተሰጠውን ቃል ሳያጓድል መመለሱ ነው። ይህን ለማለት «ያየዋል» የሚለው ቃል ራሱ ጥንቃቄ ይሻል፤ ከታላላቆቹ የዜማና የቅኔ መምህራን ብዙዎቹ ዓይነ ስውራን ነበሩና። ትምህርቱ በቃል የሚያዝ ስለ ሆነ ዓይነ ስውርነት ከመምህርነት አያግድም ነበር። እንዲህ ያለው መምህር የልጁን ፊት አያውቀውም፤ የሚያውቀው ድምፁን ነው። በአምስተኛው ረድፍ የተቀመጠው ልጅ አንዲት ፊደል ቢዘል ይሰማዋል፤ ልጁ ግን ትናንት ማታ ምን እንደ በላ፣ እግሩን ምን እንደ ወጋው፣ ዓይኑ ለምን እንደ ቀላ አያይም። ልጁ በበኩሉ የመምህሩን ፊት እንደ መጽሐፍ ያጠናዋል። መቋሚያውን በየትኛው እጁ እንደ ያዘ፣ ቅንድቡን እንዴት እንዳጠፈ፣ ከቅዳሴ ሲመለስ እርምጃው ፈጣን ወይም ዝግ ያለ መሆኑን አይቶ የዕለቱን ቍጣ ወይም ምሕረት አስቀድሞ ያውቃል። እየመራው የሚሄደውም እርሱ ነው፤ በየመንገዱ ጉድጓዱንና ድንጋዩን የሚነግረው ልጅ በጉባኤው ግን ምንም እንደማያውቅ ይቈጠራል። ሁለቱ እጅ ለእጅ ተያይዘው በአንድ መንገድ ሲሄዱ አንዱ የሚያየውን ሌላው አያይም ነበር።

በዚህ ላይ ሦስተኛ ተመልካች ይጨመራል፤ እርሱም መንደሩ ነው። የቆሎ ተማሪ ምግቡን የሚያገኘው «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ በየደጁ ለምኖ ነው። መምህሩ በጉባኤ ያላየውን ራቡን ባልቴቲቱ በደጃፏ ታያለች። ያን ዕለት የሰጠችው እንጀራ ደርቆ ኮቾሮ ሆኖ ከአኩፋዳው ይቀመጣል። ስለዚህ በጥንቱ ሥርዓት ልጁ በአንድ ሰው ዓይን ብቻ የሚመዘን አልነበረም ማለት ይቻላል፤ መምህሩ አእምሮውን፣ አገሩ ሆዱን ይከፋፈሉት ነበር።

ከንባብ ቤት ከፍ ያለው ተማሪ ደግሞ የራሱ የሆነ አንድ ሥልጣን ነበረው። መምህሩን የሚመርጠው እርሱ ነው። ድጓ ለማስመስከር ወደ ጋይንት ቤተ ልሔም፣ ዝማሬ መዋሥዕት ለመማር ወደ ዙር አምባ፣ አቋቋም ለመማር ወደ ጎንደር በአታ የሚሄደው የመምህሩን ዝና ሰምቶ ነው፤ ያልጠቀመውን መምህር ትቶ ወደ ሌላው ለመሻገርም የሚከለክለው የለም። ብዙዎች ከአባታቸው ቤት ጠፍተው የሄዱ ነበሩ። አባት ልጁን ለእርሻ ሲፈልገው፣ ልጁ ሌሊት ተነሥቶ ወደማያውቀው አገር ይጓዛል። ስለዚህ የኔታ ጌታ ነው ቢባልም፣ ልጁ ፈልጎ የገባበት ጌትነት ነው። የጉባኤው መብዛትና ማነስ የመምህሩ ክብር መለኪያ ስለ ነበረ፣ መምህሩም ሳይናገር የተማሪውን አስተያየት ይፈራ ነበር።

ይህ መተያየት ከሁሉ ይልቅ የሠለጠነው በቅኔ ቤት ነው። የቅኔ ተማሪ ሌሊት ግስ ያወርዳል፣ አገባብ ያጠናል፤ ቀን ግን ብቻውን ወደ ዱር ወይም ወደ ወንዝ ዳር ሄዶ ቅኔ ይቈጥራል። መጀመሪያ ሁለት ቤት ያላትን ጉባኤ ቃና ይሞክራል፤ እያደገ ሲሄድ ስምንት ቤት እስካለው መወድስ ይደርሳል። የቈጠረውንም ይዞ ከመምህሩ ፊት ቀርቦ ይነግራል፤ መምህሩም የጎደለውን ይሞላል፣ ያልቀናውን ያቀናል። ይህ ነገራ ከንባብ ቤት ትምህርት በአንድ ታላቅ ነገር ይለያል። በንባብ ቤት ልጁ የሚመልሰው የመምህሩን ቃል ነው፤ በቅኔ ቤት ግን ይዞ የሚመጣው መምህሩ ከቶ ሰምቶት የማያውቀውን ቃል ነው። የትናንቱ ቅኔ ዛሬ አይደገምምና፣ መምህሩ ሁልጊዜ አዲስ ነገር ለመስማት ይገደዳል። ልጁ በወንዙ ዳር ያየው አሞራ፣ የሰማው የመንደር ወሬ፣ የናፈቃት እናቱ፣ የተጣላው ጓደኛው፣ አንዳንድ ጊዜም የመምህሩ ንፍገት፣ ሁሉ በሰም ተሸፍኖ ከጉባኤው ፊት ይቀርባል። በግልጽ ቢነገር የሚያስገርፈው ነገር በቅኔ ከተነገረና ሙያው ካማረ ያስመሰግናል። አባቶቻችን ልጁ ያየውን ነገር መምህሩ የሚሰማበትን አንድ ሕጋዊ በር በዚህ አኳኋን ከፍተውለታል ለማለት እደፍራለሁ።

ሌላም ዘዴ ነበራቸው። በየጉባኤው ከመምህሩ ቀጥሎ ትምህርታቸውን ያጸኑ ታላላቅ ተማሪዎች ይገኛሉ፤ የታናናሾቹን ነገራ አስቀድመው የሚሰሙ፣ ንባብ የሚያስቀጽሉ፣ የታመመውን የሚያስታምሙ እነርሱ ናቸው። እነዚህ ትናንት ልጆች የነበሩ፣ ነገ መምህራን የሚሆኑ ስለ ሆኑ የሁለቱንም ወገን ዓይን ያውቃሉ። ለመምህሩ «ይህ ልጅ ሰነፍ ሳይሆን ታሟል» የሚሉ፣ ለልጁም «የኔታ የተቆጡት ስለሚወዱህ ነው» የሚሉ አማላጆች ነበሩ። ሁልጊዜ መልካም ነበሩ ማለቴ አይደለም፤ ታናሹን የሚያስጨንቅ ታላቅ ተማሪም በየጉባኤው አልጠፋም። ነገር ግን በሁለቱ መካከል የቆመ ሰው መኖሩ ብቻውን ታላቅ ነገር ነበር።

እዚህ ላይ ስለ ምስክሮቻችን ጥቂት ማለት ያስፈልጋል። የጥንቱን ትምህርት ከውስጥ ሆነው ከገለጹልን መካከል አለቃ እምባቆም ቃለ ወልድ ይጠቀሳሉ፤ ሥራቸው በመንግሥቱ ለማ ተተርጕሞ እ.ኤ.አ. በ1970 በእንግሊዝኛ ታትሟል። በእንዲህ ያለው መጽሐፍ የምናገኘው የትምህርቱን ሥርዓት ነው፤ ይህም የመምህሩ ዓይን ነው። ለልጁ ዓይን ይበልጥ የሚቀርበው መንግሥቱ ለማ ከአባታቸው አንደበት ቀርጸው በ1959 ዓ.ም. ያሳተሙት የአለቃ ለማ ኃይሉ መጽሐፈ ትዝታ ነው። ይሁንና በዚያም የሚናገሩት ሽማግሌው ሊቅ ናቸው፤ ልጅነታቸውን የሚመለከቱት ከሊቅነታቸው ሆነው ነው። በ1958 ዓ.ም. በታተመው በሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» ውስጥም በዛብህ በእናቱ ስእለት ለቤተ ክርስቲያን ተሰጥቶ ከተማሪነት ወደ መምህርነት ሲሻገርና የፊታውራሪ መሸሻን ልጅ ሰብለ ወንጌልን ሲያስተምር እናገኘዋለን፤ ይህም ልብ ወለድ ቢሆን ተማሪነትን ባለፈ ሰው የተጻፈ ነው።

ከዚህ የሚከተለው ነገር ለታሪክ ተመራማሪ ቀላል አይደለም። ትዝታቸውን የጻፉልን ትምህርቱን የጨረሱት ናቸው። የጨረሰ ሰው የተገረፈበትን ቀን ሲያስታውስ «ለዚህ ያበቃኝ እርሱ ነው» ይላል፤ ሕመሙ በምስጋና ተሸፍኗልና። በመካከል ሸሽቶ ወደ እርሻው የተመለሰው፣ በተላላፊ በሽታ በጎጆው የሞተው፣ በእግር ብረት ታሥሮ ትምህርቱን የጠላው ልጅ ግን መጽሐፍ አልጻፈልንም። ስለዚህ በእጃችን ያለው ታሪክ የልጁ አስተያየት ሳይሆን፣ ልጁ መምህር ከሆነ በኋላ ያረመው አስተያየት ነው። ይህን ሳያስታውሱ የጥንቱን ትምህርት ማመስገንም መንቀፍም ስሕተት ላይ ይጥላል።

ዘመናዊው ትምህርት ሲመጣ መተያየቱ መልኩን ለወጠ። ዳግማዊ ምኒልክ እ.ኤ.አ. በ1908 ባቋቋሙት ትምህርት ቤት የመጀመሪያዎቹ መምህራን ከግብፅ የመጡ ቅብጦች ነበሩ። በ1917 ዓ.ም. የተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት ተከፈተ። የጣልያን ወረራ የተጀመረውን አቋርጦ ከተማሩት ወጣቶች ብዙዎቹን ፈጀ። ከ1933 ዓ.ም. ድል በኋላ ትምህርት ቤት በየአውራጃው እየተስፋፋ ሲሄድ መምህር የማግኘት ችግር ጸና፤ እ.ኤ.አ. በ1944 በአዲስ አበባ የመምህራን ማሠልጠኛ ተጀመረ፣ ለሁለተኛ ደረጃም ብዙ የህንድ መምህራን መጡ። እ.ኤ.አ. በ1962 ሦስት መቶ ያህል የአሜሪካ የሰላም ጓድ አባሎች ገቡ፤ እ.ኤ.አ. ከ1964 ጀምሮም የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ለአንድ ዓመት ወደ ጠቅላይ ግዛት ወጥተው እንዲያገለግሉ ተደነገገ፤ የሚበዙትም በመምህርነት ተሠማሩ።

በዚህ ለውጥ ልጁ መምህሩን መምረጡ ቀረ፤ መምህሩም ልጁን አይመርጥም፤ ሁለቱንም የሚያገናኛቸው የምደባ ደብዳቤ ነው። መምህሩ ከሩቅ አገር የመጣ፣ ደመወዙን ከመንግሥት የሚቀበል፣ ዝውውር የሚጠብቅ ሰው ሆነ። ልጁ በስም መጥሪያው ላይ ተራ ቊጥር ሆነ። በሁለቱ መካከል የቆመው ታላቅ ተማሪም ወደ ክፍል አለቃነት ተለወጠ፤ ሥራውም የታናናሾቹን ችግር ለመምህሩ ማስረዳት መሆኑ ቀርቶ የረባሾችን ስም በሰሌዳ ላይ መጻፍ ሆነ። አማላጁ አሳባቂ ሆነ ብንል ከእውነት አንርቅም።

በሌላ በኩል ግን አዲስ ዓይነት መተያየት ተወለደ። ወጣቱ የዩኒቨርሲቲ መምህር ለገጠሩ ተማሪ ጌታ ሳይሆን ታላቅ ወንድም መስሎ ታየው፤ አለባበሱን፣ አነጋገሩን፣ በኋላም የፖለቲካ አሳቡን ከእርሱ ወረሰ። መምህራን የካቲት 11 ቀን 1966 ዓ.ም. ሥራ ባቆሙ ጊዜ በየከተማው ከተማሪዎቻቸው ጋር በአንድ ወገን ተሰልፈው ተገኙ፤ ይህ በንባብ ቤት ዘመን ሊታሰብ የማይቻል ነገር ነበር። በ1967 ዓ.ም. በእድገት በኅብረት ዘመቻ ወደ 60 ሺህ የሚጠጉ ተማሪዎችና መምህራን ወደ ገጠር ሄዱ። በ1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በተጀመረ ጊዜ ደግሞ ልጆች ሽማግሎችን ፊደል አስቈጠሩ። የተገላቢጦሹ ዘመን ለሁለቱም ትምህርት ነበረው። የ16 ዓመቱ መምህር በፊቱ የተቀመጠው ገበሬ ለምን እንደሚያንቀላፋ ሳይገባው ሲቆጣ፣ ገበሬው ደግሞ ልጁ እርሻ ምን እንደ ሆነ አለማወቁን እያየ በትዕግሥት ያልፈው ነበር። አዋቂ ተማሪ መምህሩ ሁሉን እንደማያውቅ ያውቃል፤ ስለዚህ ይቅር ይለዋል። ሕፃን ተማሪ ግን ይህን አያውቅም፤ ስለዚህም ቅር መሰኘቱ የጠለቀ ነው።

ይህን የመጨረሻውን ነገር ከመጽሐፍ አልተማርሁትም። በወጣትነቴ በስሜን ግርጌ ካሉት ትምህርት ቤቶች በአንዱ ሳስተምር፣ ማሽላው ባፈራበት ወራት ከኋላ ወንበር ተቀምጦ የሚያንቀላፋ አንድ ልጅ ነበረኝ። ሁለት ጊዜ አስጠነቀቅሁት፤ በሦስተኛው ከክፍል አስወጥቼ ፀሐይ ላይ አንበረከክሁት፤ በስሙም አንጻር «ቸልተኛ» ብዬ ጻፍሁ። ከብዙ ዓመታት በኋላ ሙሉ ሰው ሆኖ በአንድ ለቅሶ ቤት አገኘሁት። ወንበሩን ለቅቆልኝ ከአጠገቤ ተቀመጠና፣ ጥቂት ከተጫወትን በኋላ እንዲህ አለኝ፤ «መምህር፣ በዚያን ጊዜ አባቴ ታሞ ማሽላውን ከከርከሮና ከጃርት ስጠብቅ የማድረው እኔ ነበርሁ። እርስዎ ይህን የሚያውቁ ይመስለኝ ነበር። መምህር የማያውቀው ነገር የለም ብዬ አምን ነበርና፣ እያወቁ የጨከኑብኝ መስሎኝ ብዙ ጊዜ አዘንሁ። አለማወቅዎን የተረዳሁት እኔም ልጆች ወልጄ የእነርሱን ነገር ሳላውቅ ስቀር ነው።» ምን እንደምመልስለት አላገኘሁም። እኔ ያየሁት የተኛ ልጅ ነበር፤ ሌሊቱን ሙሉ የነቃውን ልጅ ግን አላየሁትም። እርሱም ያየው ሁሉን አውቆ የሚቀጣ ሰው ነበር፤ ከሩቅ አገር መጥቶ የማሽላን ወራት እንኳ ያልለየውን ጀማሪ መምህር አላየውም። ያን ዕለት «ለምን ተኛህ?» ብዬ ጠይቄው ቢሆን ሁለታችንም በተያየን ነበር።

በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 36 ሕፃናት በትምህርት ቤቶች ከአካል ቅጣትና ከጭካኔ አያያዝ ነጻ እንዲሆኑ ደንግጓል። ይህ መልካም ነው፤ አለንጋውን ለማስቀረት ሕግ ይበቃ ይሆናል። ነገር ግን መምህሩ ልጁን እንዲያይ የሚያደርግ ሕግ የለም። ጥንታውያኑ ይህን ችግር በሕግ ሳይሆን በሥርዓት ሊያቀልሉት ሞክረዋል፤ ልጁ ያየውን የሚናገርበት ነገራ፣ በመካከል የሚቆም ታላቅ ተማሪ፣ የልጁን ራብ የሚያይ መንደር ነበራቸው። ከዚያው ጋር እግር ብረትም ነበራቸው። እኛ እግር ብረቱን ስንጥል ነገራውንም አብረን ጥለን እንደ ሆነ ልንመረምር ይገባል።

ይህን ለመመርመር ጊዜው አላለፈም። በዳባት፣ በደባርቅና በዛሪማ፣ እንዲሁም በየደብሩ በልጅነታቸው ከጉባኤ የሸሹ፣ ከዘመናዊው ትምህርት ቤትም በአራተኛና በአምስተኛ ክፍል የቀሩ አረጋውያን አሁንም አሉ። እስከ ዛሬ ሊቃውንቱን ጠይቀናል፤ ያልጨረሱትን ግን አልጠየቅናቸውም። «የልጅ ነገር ሁለት ፍሬ፣ አንዱ ብስል አንዱ ጥሬ» ይባላል። ጥሬ ነው ብለን የተውነው ፍሬ እስከ አሁን አልተቀመሰም። ከዚህ ማኅበር ተማሪዎች አንዱ ወደዚያ ወርዶ አንድ ሽማግሌ «የኔታ ምን ይመስሉዎት ነበር?» ብሎ ቢጠይቅና የሚሰማውን ሳያርም ቢጽፍ፣ ለትምህርታችን ታሪክ እስከ አሁን የጎደለውን ምዕራፍ ይጀምርልናል።